ባዶው ቦታ

ሩፊዳ አብዱረሕማን የሠራችልን የሕሙማን መዝገብ በመጀመሪያዎቹ ወራት ያስመረረን በጉድለቱ ሳይሆን በቸርነቱ ነበር። መተማ ያለው ክሊኒካችንና አብርሃ ጅራ ያለው ቅርንጫፉ አንድ ዳታቤዝ ይጋራሉ፤ ሰርቨሩ ጎንደር ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛ፣ በዚህ አገር ሳሉግ የምንለው፣ አምና እዚያ ታክሞ ዘንድሮ እዚህ ሊታመም ይችላልና ታሪኩ እንዲከተለው ፈልገን ነበር።

ሳሉግ ብቻውን አይወርድም። የአንድ ቀበሌ ሰዎች ተማምለው ይወርዳሉ፤ ከአንድ ድስት ይበላሉ፤ አንዱ ሲታመም የሚያስታምመው፣ ክፉ ቢገጥመውም ለቤተሰቡ መርዶ የሚያደርሰው ያው ቡድን ነው። ሩፊዳ ይህን በአባቷ ሱቅ ደጃፍ እያየች ስላደገች እያንዳንዱን ሕመምተኛ ከባልንጀሮቹ ጋር አስተሳሰረችው። ሐሳቡ ረቂቅ ነበር። ችግሩ ግን የአንዱን ስም ስንከፍት ፕሮግራሙ ባልንጀሮቹን ሁሉ፣ የእያንዳንዳቸውን ሕክምና፣ ከዚያም የእነርሱን የቀድሞ ባልንጀሮች እያስከተለ መጎተቱ ነው።

«አንድ ሰው ጠራሁ፣ አገር ተነቅሎ መጣ!» ትላለች ነርሷ ኤልሳቤጥ፣ አልንቀሳቀስ ባለው ስክሪን ላይ አፍጥጣ። «አንቺ ሩፊዳ፣ ይኼ ሲስተምሽ ሰርገኛ ነው እንዴ?»

ሩፊዳ ስቃ ወደ ኮዷ ተመለሰች። ማሰሪያዎቹን አልበጠሰችም፤ አመላቸውን ብቻ ለወጠች። ስምና ዕድሜ ወዲያው ይመጣሉ፤ የቀረው ሁሉ ተፈልጎ ሲጠየቅ ብቻ ከጎንደር ይጠራል።

«በእኛ ሙያ ሌዚ ሎዲንግ ይባላል» አለችን። «ሰነፍ አጫጫን እንደማለት።»

«ሰነፍማ ሰሊጥ አያጭድም!» አለች ኤልሳቤጥ። ገጹ ገና ከመንካቷ ሲከፈት ግን እጇን በአፏ ላይ ጫነች።

እኔም በልቤ ተደነቅሁ። ዕውቀት ሁሉን ባንድ ጊዜ መሸከም እንዳልሆነ በመጻሕፍት ብዙ አንብቤአለሁ፤ በአንዲት ወጣት እጅ እንዲህ ወደ ሥራ ተለውጦ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ደረበ የሚባለው ሳሉግ የመጣው በትራክተር ተጎታች ላይ ተጋድሞ ነው። ኋላ እንደሰማነው፣ ባልንጀሮቹ አጨዳቸውን ጨርሰው ወደ ሌላ እርሻ ሲሻገሩ እርሱ «እደርስባችኋለሁ» ብሎ ቀርቶ ኖሯል። ሹፌሩ ከመንገድ ዳር አነሣው እንጂ፣ ከኪሱ ካገኘው መታወቂያ በቀር ስለ እርሱ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ሰውነቱ መንምኖ ጣፊያው አብጧል፤ ትኩሳቱ ያስቃዠዋል። ምርመራው ካላዛር፣ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው የቆላ በሽታ፣ መሆኑን አረጋገጠ።

ኤልሳቤጥ ስሙን ጻፈች፤ ገጹ ተከፈተ። የቀድሞ ሕክምናውን ተጫነች፤ ቦታው ባዶ ነው።

«አዲስ ነው፣ ዶክተር። ምንም መድኃኒት ወስዶ አያውቅም።»

የተለመደውን የካላዛር መርፌ እንድታዘጋጅ አዘዝኋት። ሩፊዳ በዚያው ክፍል ጥግ ተንበርክካ ኬብል ስታስተካክል ነበር። ቀና ብላ ስክሪኑን አየችና ተነሣች።

«ቆይ! ኤልሲ፣ በአላህ ቆይ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ኔትወርኩ ተቋርጧል። ስሙ ከመጣ በኋላ ነው የጠፋው፤ ሕክምናውን ሊጠይቅ ሲሄድ መንገዱ ተዘጋበት። ይኼ ባዶ ‹የለም› ማለት አይደለም፣ ‹አልመጣም› ማለት ነው። እኔ ነኝ ለሁለቱም አንድ መልክ የሰጠኋቸው።»

«ሰውየው እየደከመ ነው፤ ስንት ሰዓት ልንጠብቅ ነው?» አልኋት።

«ያለኝን ልሞክር፣ ዶክተር። እስከዚያ መርፌውን ብቻ አይስጡት።»

ግሉኮስ አስቀጠልሁለት፤ ልቤ ግን በሁለት ፍርሃት መካከል ተሰቅሏል። መቆየቱ ሊገድለው ይችላል፤ መቸኮሉም እንዲሁ፤ መርፌው አንዳንዱን ሰው ልቡን ይጎዳዋልና። ሩፊዳ ወደ አባቷ ሱቅ ሮጠች። የድንበር ነጋዴ ሁለት ስልክ ይይዛል፤ አንደኛው ከማዶ የሚመጣውን የሱዳን መስመር የሚቀበል ነው፤ እርሱም ሲሻው ይሠራል፣ ሲሻው ይተኛል። ስልኩን እንደያዘች በላብ ተጠምቃ ተመለሰች፤ በመስኮቱ ላይ አስደግፋ ኮምፒውተሩን ከእርሱ ጋር አገናኘችው። የባዶው ቦታ ጠርዝ ጥቂት ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ በጽሑፍ ተሞላ። አምና፣ አብርሃ ጅራ፤ ይኸው መርፌ ተጀምሮለት፣ የልቡ ምት ተዛብቶ፣ መርፌው ተቋርጧል።

ኤልሳቤጥ ሲሪንጁን ቀስ ብላ ትሪው ላይ አስቀመጠችው። ሌላውን፣ በደም ሥር የሚንጠባጠበውን መድኃኒት ጀመርንለት።

ከሰዓት በኋላ ሩፊዳ ኮዷን እንደገና ከፈተች።

«እንደ ድሮው ሁሉንም ባንዴ ልታመጪው ነው?» አልኋት።

«አይደለም፣ ዶክተር። ባልንጀሮቹ ተጠርተው ይምጡ። አምና የወሰደው መድኃኒት ግን ከስሙ ተለይቶ መምጣት የለበትም፤ ከእንግዲህ ሁለቱ ባንድ ጥያቄ ይመጣሉ፤ አንዱ ከቀረ ሌላውም ይቀራል። ተጠርቶ የሚመጣው ደግሞ ካልመጣ፣ ‹ገና አልመጣሁም› ብሎ ራሱ ይናገራል።»

አለማወቁን የሚናዘዝ መሣሪያ! ከብዙ ሊቃውንት ጋር ኖሬ እንዲህ ያለ ትሕትና ያየሁት ከጥቂቶቹ ዘንድ ነው።

ትኩሳቱ በበረደለት ጠዋት ደረበ ዓይኑን ገለጠና ዙሪያውን ቃኘ።

«ልጆቹስ?» አለ በተሰበረ ድምፅ። «የት እንዳለሁ ያውቃሉ?»

ኤልሳቤጥ ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ ሳበች።

«አይዞህ፣ ወንድሜ፤ እንደውልላቸዋለን። አሁንማ አገር ተነቅሎ ይምጣ!» አለችና የባልንጀሮቹን ማሰሪያ ተጫነች። ስማቸው ከነስልካቸው ከላይ ወደ ታች ይወርድ ጀመር። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችለት፤ ደረበም ዓይኑን ጨፍኖ በየስሙ ላይ «አለ… አለ…» ይል ነበር።