ያልበራው የሰገነት ጧፍ

ቶማስን በሰው ፊት በጥፊ ላጮለው ምንም አልቀረኝም ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ይሁና! የወለድኩት እኔ ነኝ።

በፈረንጆቹ 2019 ስድሳ ዓመት ሲሞላኝ ቶማስ ራሽያ ክሩዝ ይዞኝ ሄደ፤ ቮልጋ ወንዝ ላይ በመርከብ። ጓደኛዬ ሰገነት መርከቡ ያሮስላቭል እንደሚቆም ስትሰማ ከምትኖርበት ከሃውቶርን ድረስ ቤቴ መጣችብኝ። በደርግ ጊዜ እዚያ ከተማ ተማሪ ነበረች። የመጀመሪያ ልጇ ሀይለገብርኤል በአራት ወሩ ሞቶባት፣ ወንዙ ዳር ካለችው ነጭ ቤተክርስቲያን ነው ፍትሐት የተደረገለት። እሷ እግሯ አይችልም። አንድ ጧፍ በሶፍት ጠቅልላ ሰጠችኝ።

«እዚያው አብሪልኝ፣ ፅጌዬ። ከወጣሁ ወዲህ ማንም አላበራለትም» አለችኝ።

ያሮስላቭል ሦስት ሰዓት ብቻ ሰጡን። አስጎብኚዋ ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ ይዛ እንደ ከብት ነዳችን። ገዳሙ ጋ ፎቶ፣ ሐውልቱ ጋ ፎቶ፣ ገበያው ጋ ፎቶ፤ ኤዲያ! ነጯ ቤተክርስቲያን ስንደርስ ሃያ ደቂቃ ቀርቶናል። እንደለመድኩት ጫማዬን ደጃፉ ላይ አውልቄ፣ ተሳልሜ ገባሁ። ለካ እነሱ በጫማቸው ነው የሚገቡት! ጧፉን ከቦርሳዬ ሳወጣ ቶማስ ክንዴን ያዘኝ።

«ማም፣ ሰው ሁሉ እግርሽን እያየ ነው። ኤምባራስ አታድርጊኝ፣ ፕሊስ ጫማሽን አድርጊ።»

ወጣሁ። ጫማው የለም። የጽዳቷ ሴትዮ ሰው ጥሎት የሄደ መስሏት አንስታዋለች። እሷን ፈልገን፣ በእጅ በምልክት አስረድተን፣ ጫማዬን ከባልዲዎቿ ኋላ እስክታወጣልን ሃያው ደቂቃ አለቀ። ወደ መርከቡ የሚመልሰን ባስ ውስጥ ገባን።

ስንመለስ ሰገነት «አበራሽልኝ?» አለችኝ። «አበራሁልሽ» አልኳት። እጄን ሳመችኝ። በሚቀጥለው ሰመር ተመልሼ አበራለታለሁ ብዬ ነበር። ኮሮና መጣ። ከዚያ የራሽያ ጦርነት መጣና መርከቡም ቀረ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፌርፋክስ ሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ ተቀምጠናል። ሰገነት አጠገቤ ናት። ቶማስ ለእጮኛው ለሳምሪ ስለዚያ ጉዞ ያወራላታል፤ የኔው ጉድ!

«ሶ፣ ማም በባዶ እግሯ! ጧፏን እንኳ ሳታበራ ጫማ ፍለጋ ስንሯሯጥ፣ ባሱን ሚስ ልናደርግ ነበር» ብሎ ሳቀ።

«ዝጋ አፍህን!» ብዬ ጮህኩበት። አስተናጋጇ ሳህን እንደያዘች ቆመች። «ማነው ጎትቶ ያስወጣኝ? አንተ አይደለህም? እግሬ ነው ያሳፈረህ?»

«ማም፣ አልጎተትኩሽም እኮ። ራስሽ ነሽ የወጣሽው።»

እውነቱን ነው። ያቃጠለኝም እውነቱ ነው። ክንዴን የያዘኝ በሁለት ጣቱ ነበር። አልወጣም ብለው ምን ያመጣ ነበር? እኔም አፍሬ ነው የወጣሁት፤ በማላውቃቸው ሰዎች ፊት፣ በገዛ እግሬ አፍሬ!

ሰገነት እጇን ዘረጋችልኝ።

«የታለ?»

ስድስት ዓመት ከቦርሳ ቦርሳ ሳዘዋውረው ኖሬያለሁ። አውጥቼ ሰጠኋት። በመኪና ሙቀት ጎብጧል። በጣቶቿ ልታቃናው ስትሞክር መሐሉ ላይ ተሰበረ።

«በርቶለታል ብዬ» አለች፣ «ማልቀስ ትቼ ነበር።»

ሁለቱንም ስባሪ በሶፍቱ ጠቅልላ፣ ምግቧን ሳትነካ ተነስታ ሄደች።