ከቦታው የወረደ በር

ቤት ውስጥ ስሟ «ኤሊ» ነበር። ያወጣችላት በዘጠኝ ዓመት የምትበልጣት እህቷ ናት። ልጆች ሲሮጡ እሷ ጥግ ይዛ ታለከልካለች፤ ቤተሰቡ ይስቃል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። አድጋ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆነች። በአርባ አንድ ዓመቷ መጻሕፍት ስትደረድር ራሷን ስታ ወደቀች፤ እህቷ ደግፋ ሆስፒታል አመጣቻት።

ሽማግሌው የልብ ሐኪም ደረቷን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብተው የአልትራሳውንድ መሣሪያውን እያንሸራተቱ ብዙ ቆዩ።

«የኔ ልጅ፣ በቀኝ በኩል ያለው የልብሽ በር ስትፈጠሪ ጀምሮ ከቦታው ወርዷል። ስለማይገጥም ደም ወደ ኋላ ይመለስብሻል። እኔ ራሴ ያየሁት ጥቂት ሰው ላይ ነው። በልጅነትሽ ማንም አልነገረሽም?»

«ኧረ ዶክተር! እኔ ሰነፍ ነኝ እንጂ በሽተኛ አይደለሁም» ብላ ሳቀች።

እህቷ አልሳቀችም። ቦርሳዋን አቅፋ መሬት መሬቱን ታያለች።

«ሰባት ዓመቷ እያለ አንድ ሐኪም ልቧ ችግር አለበት ብሎን ነበር» አለች በመጨረሻ። «እማዬ 'ይሄ ከተሰማ ማን ያገባታል?' ብላ አስማለችኝ።»

ታናሽየዋ ወደ እህቷ ዞረች።

«እማዬ ከሞተች እኮ አሥር ዓመት አለፋት።»

«አውቃለሁ።»

«ባሌ 'ከዚች ሰነፍ ጋር አልኖርም' ብሎ ልብሱን ሲሸክፍ የት ነበርሽ?»

«አጠገብሽ።»

«ምን አልሽኝ?»

እህት የቦርሳዋን ማንጠልጠያ መጠምዘዝ ጀመረች። ታናሽየዋ ግን ቃል በቃል ታስታውሳለች፦ «ትንሽ በርታ ብትዪ ምን ነበረበት?» ነበር ያለቻት። ያን ጊዜ እውነቷን ነው ብላ ሌሊቱን ሙሉ ራሷን ስትረግም አድራለች።

ከሁለት ወር በኋላ በሩ በቀዶ ጥገና ተጠገነ። የስምምነት ቅጹ ላይ «የቅርብ ተጠሪ» በሚለው ቦታ የሥራ ባልደረባዋን ስም አስሞላች።

በአምስተኛው ቀን እህቷ ሾርባ በፔርሙዝ ይዛ መጣች። በሽተኛዋ ቀና ብላ በሁለት እጇ ተቀበለቻት።

«አመሰግናለሁ። ባይቸገሩ ጥሩ ነበር» አለቻት።

ዕድሜ ልኳን ከታናሿ «አንቺ» ስትባል የኖረችው እህቷ፣ «ባይቸገሩ» የሚለው ቃል ጆሮዋ ሲገባ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወጣች። በሽተኛዋ ልትጠራት አፏን ከፈተች። የክፍሉ በር ግን ተዘጋ። ሾርባውን ቀድታ፣ ሳይበርድ፣ ብቻዋን ጠጣችው።