የባለጎማው እናት ፊት

የልጅ ልጄ ሠዓሊ ናት። ቢሮ የላትም፣ አለቃ የላትም፤ ያዘዛት ሁሉ አለቃዋ ነው። ሰው ፎቶውን ይዞ ይመጣል፣ «ሳይልኝ» ይላል፣ ትስልለታለች፣ ጣጣው ከዚያ በኋላ ይጀምራል። ሰው በገዛ ፊቱ ይህን ያህል እንደሚታለል ዕድሜዬን ሙሉ አላውቅም ነበር። መስታወት ለካ ይሉኝታ አለው።

ስሟን ተዉት፤ እኔ ጭራሮ ነው የምላት። ከሲታ ናት፣ ነፋስ ሲነሳ መስኮት የምዘጋው ለሷ ብዬ ነው። ሥራዋ የቤቴ የፊት ክፍል ውስጥ ነው። ሶፋዬን ወደ ጓዳ አስገብታ፣ በቦታው ሸራና ወረቀት ደርድራ፣ ሲሚንቶውን በከሰል ብናኝ አጥቁራ፣ «እዚህ ብርሃኑ ጥሩ ነው፣ እማማ» አለችኝ። ብርሃኔን ወስዳ ጥጉን ተወችልኝ። ጥጉ ላይ ወንበር አለችኝ፤ ከዚያ ሆኜ የሚመጣውን ሁሉ አያለሁ።

ስንቱን አየሁ መሰላችሁ! አንዷ ባሏን ያለ ቦርጩ ሳይልኝ ብላ መጣች። ተሳለ። «ውይ፣ ይሄማ ወንድሙ ነው» ብላ ቦርጩን አስመለሰችው። ሌላው ጥፍር የምታህል ፎቶ ከስልኩ ላይ አሳያት፤ ግማሽ ፊቱ በሌላ ሰው ትከሻ ተሸፍኗል። «የቀረውን ጨምሪበት፣ ባለሙያ አይደለሽ?» አላት። እኔ ብሆን የቀረውን በጥፊ ነበር የምጨምርለት።

እሷ ግን መላ አላት። ደንበኛው ሲቆጣ «ይቀመጡ» ትላለች፤ ምላጭ ታነሳና እርሳስ መቅረጽ ትጀምራለች። አትመልስ፣ አትለማመጥ። ሰውየው ይናገራል፣ ይናገራል፤ እርሳሱ እየሾለ ሲሄድ የሱ ምላስ ይዶለዱማል። ያኔ ቀና ትልና «እሺ፣ የቱን ላስተካክል?» ትላለች። መጀመሪያ ፈሪ መስላኝ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ አፍ አልተሰጠሽም እንዴ?» አልኳት።

«አፌን ከከፈትኩ ያንቺ አፍ ነው የሚወጣው፣ እማማ። አንድ ደንበኛ አይተርፈኝም።»

እውነቷን ነው።

ባለጎማው የመጣው በዝናቡ ሰሞን ነው። አውራ መንገዱ ላይ ጎማ የሚሸጥና የሚለጥፍ፣ በር የሚያህል ትከሻ ያለው፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ድምፁ ከአየር መሙያው ጩኸት ጋር ሲፎካከር ስለኖረ «እንደምን ዋላችሁ» ሲል ራሱ የሚጣላ ይመስላል።

«እናቴን እንድትስይልኝ ነው» አለ።

«ፎቶ ይዘዋል፣ ጋሼ?»

«ፎቶ የለም። ተነስታም አታውቅ። እኔ የወተት ጥርሴ ሳይረግፍ ነው የሞተችው።»

«ታዲያ በምን ልሳላቸው?»

«እኔ እነግርሻለሁ» አለና ደረቱን መታ። «እዚህ አለች።»

የነገራትን ስሙልኝ። ቆንጆ ነበረች። ሌላስ? ጠይም ነበረች። ሌላስ? ደግ ነበረች፣ ግን ትቆጣለች። በቃ። ይህን ይዛችሁ ገበያ ብትወጡ ከምታገኟት ሴት ሁሉ ግማሿ የሱ እናት ናት።

ጭራሮ ግን እሺ ብላ ጀመረች። ሳለች፣ አሳየችው። ትንሽ አየና «አይደለችም» አለ።

«ምናቸው ነው ያልሆነው? ዐይናቸው? አፋቸው?»

«እሱን እኔ አላውቅም። አይደለችም አልኩሽ።»

እንደገና ሳለች። ግንባሩን አሰፋች፣ ጉንጩን አጎደለች፣ ከራሱ ፊት አገጩን ተዋሰች። አይደለችም። የእህቱን ልጅ ፎቶ አስመጥታ ዐይኗን አስገባች። አይደለችም። ሰውየው በመጣ ቁጥር ቤቱ ይጠባል፤ እርሳሶቹ እንደ መርፌ ሾለው አለቁ፣ የሱ ንዴት ግን አልዶለዶመም። አንድ ቀን በመጨረሻ ወረቀቱን በእጁ ገፍቶ መሬት ጣለው።

«እኔ የለጠፍኩት ጎማ ካስተነፈሰ ሰው ያዋርደኛል! አንቺ በለጠፍሽ ቁጥር ያስተነፍሳል፣ ደግሞ ትቀርጫለሽ!»

እኔ ደግሞ ከወንበሬ ተነሳሁ። ጉልበቴ ሲንቋቋ እሱም ሰማው።

«አንተ! አንሳ ያንን ወረቀት። እናትህ ቆንጆ ነበረች፣ ደግ ነበረች አልከን። በሥርዓት አሳድጋኛለች ግን አላልክም።»

ይመልስልኛል ብዬ ነበር፤ ቃሌን አዘጋጅቼለት ነበር። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን አነሳና አቧራውን በእጅጌው ጠረገ።

«አላሳደገችኝም እኮ፣ እማማ» አለ። «አልደረሰችም።»

ተቀመጥኩ።

«የምቆጣው…» አለ ለጭራሮ፣ ድምፁ ወርዶ፣ «የምቆጣው ባንቺ አይደለም። ድሮ ዐይኔን ስጨፍን ትመጣልኝ ነበር። መኝታዬ ላይ ሆኜ፣ ጎማ እያሽከረከርኩ፣ በፈለግኩት ሰዓት። አሁን ዐይኔን ስጨፍን የሚመጣው ያንቺ ሥዕል ነው። አንዴ ያኛው፣ አንዴ ይሄኛው። እሷ ከኋላ ቀረች። ላሠራት መጥቼ ያለችኝንም ላጣት ነው።»

የጭራሮ ምላጭ ቆመ። ፊቷ አመድ መሰለ። ብድግ ብላ የሳለቻቸውን ሁሉ ሰበሰበች፤ ያን ሁሉ ልፋቷን እፊቱ ቀዳደደችው።

«ከዛሬ ጀምሮ ምንም ፊት አላሳይዎትም» አለች። «እኔ እስክመጣ ድረስ አይምጡ። ስለ መልካቸውም አያስቡ።»

ደህና ዋሉ ሳይል ወጣ።

ልጄ፣ የጭራሮ አባት ማለቴ ነው፣ ይህን ሲሰማ የሰጣት ምክር አጭር ነበር። «ተይው፣ ልጄ። ይቅርታ ጠይቀሽ አሰናብቺው። ደንበኛ ሞልቷል።»

«አባዬ፣ ሰውየው ፊቷን ይዞ ነው የመጣው። እላዩ ላይ እየሳልኩ የሸፈንኩበት እኔ ነኝ። ምን ብዬ ነው የማሰናብተው?»

ልጄ ወደኔ ዞረ፣ እንድደግፈው። አልደገፍኩትም። ለዚህች ልጅ ይህን ያህል ልብ ማን እንደሰጣት እንጃ፤ ከአባቷ ግን አልወረሰችውም።

ጥቂት ቀን ምንም አልሠራችም። መስኮቱ ላይ ተደግፋ ሰው ሲወጣ ሲወርድ ታያለች። ከዚያ አንድ ጠዋት ጫማዋን አሰረች።

«የት ነው?»

«ጎማ ቤት።»

«ብቻሽን? እዚያ ሰውዬ ጋ?» ነጠላ ጫማዬን ፈልጌ ተከተልኳት።

ጎማ ቤቱ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። ጎማው እስከ ጣሪያው ተቆልሏል፤ መሀል ላይ የውኃ ገንዳ አለ፤ ሰውየው የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ከመነዳሪውን፣ ነፍቶ ውኃው ውስጥ ነክሮ አረፋው የት እንደሚወጣ ያያል። ሲያየን ደነገጠ። እጇ ባዶ ነው፤ ወረቀት የለ፣ እርሳስ የለ። አንድ ጎማ ላይ ተቀመጠች፣ ለኔም አንዱን ገለበጠችልኝ።

«ሥራዎን አያቁሙ» አለችው። «እናትዎ ሥራቸው ምን ነበር?»

እኔ ሳቄ መጣ። ያን ሁሉ ጊዜ ዐይን፣ አፍንጫ ስትል ከርማ ይህን ሳትጠይቅ! እሱም አልነገረ። ቆንጆ ናት ማለት ብቻ።

«ልብስ ሰፊ ነበረች። የሰው ልብስ ተቀብላ ቤት ውስጥ ትሰፋ ነበር።»

«እርስዎስ ያኔ የት ይሆናሉ?»

«እኔማ ከስፌት መኪናው ሥር ነዋ። መርገጫው አጠገብ፣ መሬት ላይ። ስፒል ሲወድቅ የምለቅመው እኔ ነበርኩ።» እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ተፈታ። «ስፒሎቹን በከንፈሯ ነክሳ ነበር የምትቆጣኝ። አፏን ሳትከፍት! በአፍንጫዋ ነበር የምትሳደበው» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው፤ ጥርሱ ያምራል።

«የሚበሉትስ?»

«እዚያው። ታጎርሰኛለች፣ ትመለሳለች ወደ ስፌቷ።»

«እንቅልፍ ሲመጣስ?»

«እዚያው ይወስደኛል። የመኪናው ድምፅ ነው የሚያስተኛኝ።»

«ፊት ለፊት ቆመው አይተዋቸው ያውቃሉ?»

ከመነዳሪው እጁ ላይ ውኃ እያንጠባጠበ ቀረ።

«ፊት ለፊት…» አለ። አሰበ። «ቁመቴ መቼ ደረሰና።»

ጭራሮ ከጎማው ላይ ተነሳች። «በቃኝ፣ ጋሼ። እልክብዎታለሁ» አለችና ወጣች። መንገዱን ስትበርበት እኔ ከኋላ እጮሃለሁ፦ «ቀስ በይ አንቺ! እኔ እኮ በእግሬ ነው የምሄደው!»

ቤት ስንደርስ ጠረጴዛው ጋ አስቀመጠችኝ፣ ጨርቅና መርፌ ሰጠችኝ፣ «ስፊ» አለችኝና እግሬ ሥር ሲሚንቶው ላይ ተዘረጋች።

«ምን ሆነሻል? ወገብሽ ነው?»

«እኔን አትዪኝ፣ እማማ። ሥራሽን እይ።»

«የአፍንጫዬን ቀዳዳ ልትስይ ነው ይሄን ሁሉ መንገድ ያስሮጥሽኝ?»

«አዎ» አለች፣ ሳትስቅ። «ከታች ሲያዩሽ ሌላ ሰው ነሽ፤ አገጭሽ ይቀድማል፣ ዐይንሽ የተዘጋ ይመስላል። እስካሁን ሴትዮዋን ጎረቤቷ እንደሚያያት ነበር የሳልኳት። ልጇ እንደሚያያት አልነበረም።»

ይህን የምትለው መሬት ተኝታ፣ የከሰል ብናኝ ጸጉሯን ሞልቶት ነው። እኔ ሰው ማመስገን አልወድም፤ ያበላሻል። ግን ያን ዕለት ጨርቄን ይዤ እንዳልሰማ ሆንኩ እንጂ፣ ከደስታ የተነሳ የሰፋሁት ሁሉ ጠማማ ነው የወጣው።

የኔን ፊት አልወሰደችም። የኔ አጥንት መንገድ አሳያት እንጂ ሴትዮዋ ሌላ ናት፤ ከሱ አገጭና ከእህቱ ልጅ ዐይን የተገኘች ጠይም ሴት፣ ሽፋሽፍቷ ወደታች የወረደ፣ ስፒል በከንፈሯ ይዛ ልትቆጣ የደረሰች። ሳለች፣ አጠፋች፣ ሳለች። ስትጨርስ ግድግዳው ላይ ከፍ አድርጋ ሰቅላ በጨርቅ ሸፈነችው። ከዚያ ሥሩ ቁጭ አለች፤ ዐይኗን ከጨርቁ ላይ አላነሳችም።

«ምነው?»

«ይሄኛውም ካልሆነ፣ እማማ፣ የተረፈቻቸውን እናት ደምስሼ ነው የምልካቸው። ሌላ ዕድል የለኝም።»

«ታዲያ አታሳዪዋ።»

«ካላሳየሁም እንደተሸፈነች ቀረች።»

ላከችበት። መጣ። ንጹሕ ሱሪ ለብሷል፣ ጸጉሩን ተከርክሟል፤ እንግዳ ሊቀበል የተዘጋጀ ይመስላል። ጭራሮ ወንበር ላይ ወጥታ ጨርቁን ገለጠችው።

ቀና ብሎ አየ። ቅንድቡ ተገናኘ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? አገጭ ነው እንዴ የሳልሽልኝ?»

የኔ ልብ ወረደ። የሷ ግን አልወረደም፤ ምላጭም አላነሳች።

«ጋሼ፣ መሬት ይቀመጡ።»

«ምን?»

«መሬት ላይ። እዚህ፣ ከሥሯ።»

ወደኔ ዞረ፣ ዕብድ ናት እንዴ በሚል ዐይን። «ተቀመጥ ስትባል ተቀመጥ» አልኩት። «ሱሪህ ይታጠባል።»

ያ በር የሚያህል ሰው ግድግዳውን ይዞ፣ እያቃሰተ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። እግሩን ወደራሱ ሰበሰበ። ከዚያ ቀና አለ።

ምንም አላለም። በውጭ ሰው ሲያልፍ ሰማን፣ እሱ ዐይኑን ከሥዕሉ አላነሳም። ጭራሮ ትንፋሿን ይዛለች። እኔም ይዤ ኖሯል፣ ራሴን ሲያዞረኝ ነው ያወቅኩት።

«ጠባሳዋስ?» አለ ድንገት፣ በዚያ በጎማ ቤት ድምፁ።

«የምን ጠባሳ?»

«አገጯ ሥር ነዋ! በልጅነቷ ወድቃ። እንዴት ተውሽው?»

«አልነገሩኝም እኮ፣ ጋሼ።»

«አላስታወስኩማ! አሁን ነው…» እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። «እዚህ ጋ። ወደ ግራ። ያንቺ ግራ አይደለም፣ የሷ! ትንሽ ዝቅ… አጠር አድርጊው፣ ስንዝር አደረግሽው እንዴ!»

ያ «አይደለችም» ከማለት በቀር የማያውቅ ሰው እንዲህ አዛዥ ሆነ። ጭራሮ ወንበሩ ላይ ቆማ፣ እንደታዘዘችው ግራ ቀኝ ስትል፣ ጉንጯ ላይ ከሰል ተለቅልቆ፣ እየሳቀች ነበር። በጌጥ ብዛት ያማረች ሴት አይቻለሁ፤ እንደዚያች ሰዓት ጭራሮ ያማረች ግን አላየሁም።

ሲያልቅ ወረደችና ጨርቁን መልሳ በሥዕሉ ላይ ጣለችው።

«ምን ታደርጊያለሽ?» አለ ደንግጦ።

«ዐይንዎን ይጨፍኑ፣ ጋሼ።»

ጨፈነ። ጨፍኖ ቆየ። ከተዘጋው ዐይኑ ሥር እንባው መንገድ አግኝቶ ወረደ፤ አልጠረገውም።

«ማን መጣ?» አለችው፣ በቀስታ። «የኔ ሥዕል ነው?»

ራሱን ነቀነቀ። «ያንቺማ አይናገርም» አለ። «እሷ ናት። ተነስ እያለችኝ ነው። ሲሚንቶው ይበርድሃል፣ ተነስ አንተ ልጅ እያለችኝ ነው።»

አልተነሳም። እኔም ያንኑ ልለው ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። እናቱ እያለች እኔ ምን አገባኝ።