ጥቁር ጨርቅ የለበሰው መሣሪያ

በፎቶ ቤቱ ጨለማ ክፍል ውስጥ ጥቁር ጨርቅ ለብሶ የቆመው መሣሪያ ያለፈውን ዘመን ያሳያል እየተባለ በሰፈሩ ይወራ ነበር። ወሬውን የነዛው ራሱ ፎቶ አንሺው ነው። ጠዋት ያወራውን ማታ ፀጉር ቤት ሲደርስ ጨማምረውበት ይጠብቁታል፤ እሱም አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። የመጀመሪያው ዶሮ ከእንቁላሉ ጋር ሲጣላ ሳይቀር ታይቷል አሉ።

አንድ ቀን ያሳደጉት አክስቱ ከች አሉ።

"ዓይኔ እየደከመ ነው" አሉ ቁጭ ሳይሉ። "ሳይጨልምብኝ እናቴን አሳየኝ።"

እናታቸው የሞተችው እሳቸው ገና ሲድሁ ነው፤ አንድም ፎቶ የላትም።

"አክስቴ፣ መሣሪያው እኮ..."

"ለፀጉር አስተካካዩ ዶሮ ያሳየ፣ ለእኔ እናቴን ያቅተዋል?"

ከቦርሳቸው የእናታቸውን እህት የሠርግ ፎቶ አወጡ። "እዚሁ ቤት ነው የተነሱት። እናቴም ሙሽራዋን አጅባ መጥታ፣ አፍራ አልነሳም አለች አሉ።"

ፎቶ አንሺው ብድግ አለ። ቤቱን የወረሰው ከሥራ አስተማሪው ነው፤ ሰውዬው ፎቶ ሲያትም ጓዳ ጎድጓዳው እንዳይታይ ጠርዙን የመቁረጥ አመል ነበረው። ፎቶው የሚታተምበት ኔጋቲቭ ላይ ግን ሁሉም አለ።

የድሮዎቹን ሣጥኖች ይገለብጥ ጀመር። ያን ቀን የዋጠው አቧራ አንድ ቤት ይመርግ ነበር። የሙሽሮቹን ኔጋቲቭ ሲያገኝ ጥቁሩን ጨርቅ ከመሣሪያው፣ ከፎቶ ማጉያው ላይ ገፈፈና አበራው። ጠርዙ ላይ፣ ደንበኞች የሚያበጥሩበት መስተዋት ተገኘ። መስተዋቱ ውስጥ፣ ከካሜራው ጎን የቆመች ሴት ነበረች።

መስተዋቱን ብቻ አጉልቶ አተመና ወረቀቱን ምስል በሚያወጣው መድኃኒት ውስጥ ነከረው። አክስቱ በጨለማ ክፍሉ ቀይ መብራት ሥር አጎነበሱ። መጀመሪያ የሙሽራዋ ጫማ ታየ፤ ሴትየዋ ደረቷ ላይ ታቅፋዋለች። ቀጥሎ አገጯ። ቀጥሎ ሳቋ፣ ከነፍንጭቷ።

ወረቀቱ እንደታጠበ አክስቱ ከነውሃው ይዘውት ወጥተው፣ ዛሬም ግድግዳው ላይ ካለው ከዚያው መስተዋት ፊት ቆሙና ጥርሳቸውን ገለጥ አደረጉ። ያው ፍንጭት፣ ያው አገጭ።

"እኔ ነኝ እኮ" አሉ። "ዕድሜ ልኬን ተሸክሜያት ስዞር ኖሬያለሁ ለካ።"

ፀጉር ቤት የደረሱት ፎቶው ሳይደርቅ ነው፤ ፎቶ አንሺውም ተከትሏቸዋል። የተላጨውም ያልተላጨውም ከቧቸው።

"አየኋት" አሉ። "ሳቀችልኝ። ወጣ ስል ደግሞ በዓይኗ ጠቀሰችኝ።"

ሁሉም ወደ ፎቶ አንሺው ዞረ። እሱም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨምረው ጠፋው።

"በሁለቱም ዓይኗ" አለ በመጨረሻ።