ቀስ በቀስ ይሸኛሉ

ቪቤከ የመልሕቅ አማካሪ ቦርድ አባል ከሆነች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ስብሰባ በተጀመረ ቁጥር ሊቀመንበሩ ፕሬበን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ይሰቅልና፣ «ወረቀቱን ሁላችሁም አንብባችኋል አይደል?» ይላል። ሰው ሁሉ አዎ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ቪቤከም ትነቀንቃለች። ራስ ለመነቅነቅ ማንበብ አያስፈልግም።

መልሕቅ በዴንማርክ፣ ኤስቢየርግ ወደብ ላይ፣ ድሮ ዓሣ ይታሸግበት በነበረ መጋዘን ውስጥ ያለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ትምህርት ያቋረጡ ልጆች፣ ቤታቸው የጠበባቸው ልጆች፣ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ይፈታሉ፣ ይገጥማሉ። አብዛኞቹን ስማቸውን ጽፎ፣ ዕቅድ አውጥቶ የሚልካቸው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ሐሙስ ምሽት ግን በሩ ለማንም ክፍት ነው፤ ማን ላከህ የሚል የለም። የቪቤከ ልጅ ማልተ የሚገባው በሐሙሱ በር ነው።

ማልተ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ትምህርቱን ትቶ ክፍሉ ውስጥ ከገባ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ መጋረጃውን አልገለጠም። ቪቤከ ምግቡን ደጁ ላይ አስቀምጣ ወደ ሥራ ትሄዳለች፤ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ድንች እየላጠች፣ ሳህኑን ባዶ አገኘው ይሆን እያለች ትውላለች። የማዘጋጃ ቤቷ ሠራተኛ መጥታ በሩን አንኳኩታ፣ በበሩ ስንጥቅ ደግ ደግ ነገር ተናግራ ሄደች። ከዚያ ወዲህ የማዘጋጃ ቤት ስም ሲነሳ ልጁ ፊቱ ይጠቁራል። ኋላ አንድ ሐሙስ፣ ጎረቤት የጣለውን ሞተር እየገፋ ወደ ወደቡ ወረደ። ለምን እንደወጣ አልነገራትም፣ እሷም አልጠየቀችውም፤ ብጠይቀው ሐሳቡን ይለውጥ ይሆናል ብላ ፈራች። በመስኮት ብቻ አየችው። ከዚያ ወዲህ ሐሙስን ቀርቶ አያውቅም።

ወደ ቦርዱ ያስገባቻት የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ቲልደ ናት። የወላጅ ድምፅ ያስፈልገናል አለቻት። ቪቤከ ደስ አላት፣ ፈራችም። ፊደል ከሚምታታባቸው ሰዎች አንዷ ናት፤ በልጅነቷ ሰነፍ ብለው ከኋላ ወንበር አስቀምጠዋት ቀረች። አሁን ሰኞ ሰኞ ማታ የጎልማሶች የንባብ ትምህርት ትማራለች። እዚያ መጀመሪያ ያስተማሯት ፊደል አይደለም፤ «አላወቅሁትም» ማለትን፣ ያውም ድምፅ ሳይቀንሱ፣ ነው። ለቦርዱ ግን ይህን ገና አልሞከረችውም። ቦርዱ ውስጥ የሠራችው ትልቁ ሥራ ፎቶ መነሳት ነው። የድርጅቱ ዓመታዊ መጽሔት ሽፋን ላይ የቡና ኩባያ ይዛ ትስቃለች። ፎቶ አንሺው ሳቂ ስላላት ነው እንጂ የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

ነገሩን ያመጣላት የሞተር ጥገናው ኃላፊ ካይ ነው። ቅዳሜ ገበያ ላይ አግኝቷት፣ ሐሙስን ሊያነሱት ነው አላት። ማክሰኞ ወረቀቱ ለእናንተ ለአማካሪዎቹ ይቀርባል፣ ረቡዕ ደግሞ የድርጅቱ ባለአደራዎች ይወስናሉ። እኔ ተቀጣሪ ነኝ፣ ከእኔ አልሰማሽም አለ። ቪቤከ ቤቷ እስክትደርስ ድረስ የገዛችውን ነገር የት እንዳስቀመጠች አታውቅም። ልጁ ተመልሶ መጋረጃውን ሲዘጋ ታያት።

ወረቀቱ የመጣው ሰኞ ማታ፣ እሷ ትምህርት ላይ እያለች ነው።

ማክሰኞ ከሥራ ወጥታ በቀጥታ ወደ ወደቡ ሄደች። ከመጋዘኑ ፎቅ ላይ ያለው ክፍል መስኮቱ በንፋስ ይንቀጠቀጣል። ጠረጴዛው ላይ ቡና በፔርሙዝ፣ በሳህን ደግሞ የቀረፋ ዳቦ ነበር። ሁለት አባላት ታመው ቀርተዋል። የመጡት ፕሬበን፣ የሰበካው ሴት ቄስ ሲሰልና የእግር ኳስ ክለቡ አሠልጣኝ አክሰል ናቸው። ሲሰል እጇ ላይ ሁልጊዜ ያልተጠናቀቀ የሹራብ ሥራ አለ። አክሰል ዳቦውን ማንም ሳይነካው ጀምሮታል። ፕሬበን ባንክ ሲመራ ያረጀ ሰው ነው፤ ቢሆንም እንደማንም ሰው አንተ ነው የሚባለው። ቲልደ ከጠረጴዛው ጫፍ ኮምፒውተሯን ከፍታ ተቀምጣለች።

ፕሬበን መነጽሩን ሰቀለ። «ወረቀቱን ሁላችሁም አንብባችኋል አይደል?»

ሁሉም ነቀነቁ።

«እኔ አላነበብኩም» አለች ቪቤከ።

የሲሰል መርፌ ቆመ። አክሰል ግን ሳቀና፣ «በቃ፣ ያላነበበ ሰው ቡና ይቀዳል» አለ።

«እቀዳለሁ፤ ሲነበብልኝ።»

ቲልደ ድምፅዋን እንደ አስታማሚ አለሰለሰች። ስልክሽ ላይ ጽሑፍ የሚያነብልሽ ነገር አለ አይደል አለቻት። ቪቤከ አለ አለች። ወረቀቱ ግን የደረሰኝ ትናንት ማታ ነው፣ ትናንት ማታ ትምህርት ላይ ነበርኩ፣ ዛሬ ከማለዳ ጀምሮ ምድጃ ፊት ቆሜያለሁ አለች። ቲልደ ችግር የለም፣ እኔ ልንገርሽ አለች።

«በአጭሩ፣ ትኩረታችንን እናጠናክራለን ነው የሚለው።»

«በአጭሩ አልፈልግም። በረጅሙ ይነበብልኝ።»

ፕሬበን ሰዓቱን አየ፣ ቲልደን አየ። አንድ አባል ካላነበበ ወይ ጉዳዩ ለሌላ ቀን ይተላለፋል፣ ወይ እዚሁ ይነበባል፤ ደንቡ እንደዚያ ነው አለ። ቲልደ ለሌላ ቀን አይሆንም፣ ነገ ባለአደራዎቹ ይሰበሰባሉ አለች። «እንግዲያው ይነበባል» አለና ፕሬበን መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ።

የመጀመሪያው ገጽ ምስጋና ነበር። ሁለተኛው ስለ መጪው ዓመት ራእይ ነበር፤ ፕሬበን የወለድ መጠን እንደሚያነብ ሰው አንድ ወጥ በሆነ ድምፅ ወረደው። አክሰል ሁለተኛ ዳቦ አነሳ። ቪቤከ እጆቿን ከጠረጴዛው በታች ጭብጥ አድርጋ ይዛ ጠበቀች። ሦስተኛው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል መጣ፦ «ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ዕቅድ የሌላቸውና በራሳቸው ፈቃድ የሚመጡ ወጣቶች ከጥር ወር ጀምሮ ቀስ በቀስ ይሸኛሉ።» ፕሬበን ወደሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር አለፈ፣ ግማሽ ደርሶ ቆመ፣ ተመለሰ።

«ይሸኛሉ?» አለ ለራሱ።

አክሰል ዳቦውን አስቀመጠ። «ቆይ፣ ይሄ ሐሙስ ማታ ማለት ነው እንዴ?»

«አዎ» አለች ቲልደ። «አንብበኸዋል ብዬ ነው።»

«አንብቤዋለሁ» አለ አክሰል፣ ጆሮው ድረስ ቀላ። «ማለቴ፣ ፎቶዎቹን አይቻለሁ።»

ሲሰል ሹራቧን ወደ ቦርሳዋ እየከተተች፣ ትናንት ቀብር ነበረብኝ አለች። ማንም አልጠየቃትም። ፕሬበን መነጽሩን አውልቆ ሲጠርግ ከሚያስፈልገው በላይ ቆየ።

ቪቤከ ድምፄ ይከዳኛል ብላ ፈርታ ነበር፤ ሲወጣ ግን እሷንም አስገረማት።

«የሚሸኝ ሰው መሄጃ አለው» አለች። «ባቡር የሚጠብቀው ሰው ይሸኛል። ቤቱ የሚጠብቀው እንግዳ ይሸኛል። ልጄን ወዴት ነው የምትሸኙት?»

ቲልደ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ይህን መጋዘን የዓሣ ሽታው ሳይለቀው በገዛ እጇ ያጠበችው እሷ ናት። ትከሻዋ ወረደ። ማዘጋጃ ቤቱ የሚደግፈው የላካቸውን ልጆች ነው አለች። ስለነሱ በዓመታዊው ሪፖርት የሚጻፍ ነገር አለ፤ ይሄኛው ሥራ ጀመረ፣ ያኛው ትምህርት ተመለሰ ይባላል። ስለ ሐሙስ ልጆች ግን በየዓመቱ ባዶ ገጽ ይዛ ትቀመጣለች።

«ምን ብዬ ልጻፍ ቪቤከ? መጣ፣ ሞተር ፈታ፣ ሄደ?»

«አዎ፣ እንደሱ ብለሽ ጻፊ። መጣ ብለሽ ጻፊ። አንድ ዓመት ሙሉ ከክፍሉ ያልወጣ፣ እናቱ በበር ስር ትንፋሹን የምታዳምጠው ልጅ፣ በእግሩ መጣ ብለሽ ጻፊ።»

ይህን ለማንም ላለመናገር ለማልተ ቃል ገብታለት ነበር። ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ትዝ ያላት። አሁን ግን የማይመለስ ሆኗል።

ቲልደ ኮምፒውተሯን እያየች፣ እኔም ይሰማኛል፣ ግን ይህ ጉዳይ ለቦርዱ የቀረበው ለመረጃ ብቻ ነው፣ ለምክር አይደለም አለች። በወረቀቱ ራስጌ ላይ እንደዚያ ተጽፏል።

«እኛ አማካሪ ቦርድ አይደለንም እንዴ?» አለች ቪቤከ። «ታዲያ መቼ ነው የምንመክረው?»

«ለገና በዓል፣ ምሳው ላይ» አለ አክሰል። ማንም አልሳቀለትም፤ እሱም ለማሳቅ ያለው አይመስልም።

ቪቤከ ከጀርባዋ ካለው መደርደሪያ አንድ መጽሔት መዝዛ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የገዛ ፊቷ ኩባያ ይዞ ይስቅ ነበር። ውስጡን ገለጠችው፤ የሁሉም ስም ተደርድሯል፣ ቄሷ፣ የባንኩ ሰው፣ የክለቡ አሠልጣኝ። ይህን እያየ ነው ሰው የሚያምናችሁ አለች። እነዚህ ሰዎች ካሉበት ደህና ቤት ነው ይላል።

«እንግዲህ ወይ ምክሬን ውሰዱ፣ ወይ ፎቶዬን መልሱ።»

«ታስፈራሪኛለሽ?» አለች ቲልደ። ከልቧ ተጎድታ ነበር።

«በምን ላስፈራራሽ? ያለኝ ያው ፊቴ ነው።»

አክሰል ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። የእኔንም ስም አውጡት አለ፤ ከነክለቡ። የእኔ ፎቶ ቢወጣ እንኳ የሚያዝን የለም ብሎ ጨመረ። ሲሰል ግን እኔ አልወጣም አለች። ስም አውጥቶ መሄድ ቀላል ነው፣ እኔ እዚሁ ተቀምጬ እጮሃለሁ አለች። ቪቤከ ይህ ነገር አልጣማትም። እስከዛሬ አብረው ተቀምጠው ሲሰል ስትጮህ ሰምታ አታውቅም። ቢሆንም ዛሬ የምትጣላው ከሲሰል ጋር አይደለም።

ሁሉም ወደ ፕሬበን ዞሩ። እሱ ወረቀቱን በአራት አጥፎ ኪሱ ከተተው። ምክራችን አይሆንም የሚል ነው አለ፤ ለመረጃ ይሁን ለሌላ፣ ምክር ምክር ነው።

«ነገ ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አለ። «ጽፌ አልልክም። የተጻፈውን ማን ያነባል?»

ቪቤከ ስትወጣ የብስክሌቷን ቁልፍ ከመክፈቷ በፊት ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ረቡዕ ሥራ ላይ ሾርባው ላይ ሁለት ጊዜ ጨው ጨመረች፤ አንድ ሽማግሌ ባሕሩን ነው እንዴ የቀቀልሽልን ብሎ ሳህኑን መለሰላት።

ከተማው ትንሽ ነው። የዚያኑ ዕለት ማታ የአክሰል ክለብ ልጆች እናቱ በስብሰባው ስለ እሱ ያለችውን ለማልተ ነገሩት። ገብቶ አላናገራትም። ምግቡን ይዞ ክፍሉ ገባ፣ ቪቤከም ኮሪደሩ ላይ ቆማ የተዘጋውን በር አየች። ምናልባት በሩን ላስከፍትለት ብዬ እኔው ዘጋሁበት ብላ አሰበች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቲልደ ደወለች። ባለአደራዎቹ ብዙ ተከራክረዋል፤ ፕሬበን ጠረጴዛ እስከመምታት ደርሷል። ሐሙስ ምሽት እስከ ሰኔ ይቀጥላል፣ ከዚያ እንደገና ይታያል። ቲልደ ድምፅዋ ቀለል ብሏል። ሁላችንንም የሚያስማማ ነገር ተገኘ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ አማካሪ ቦርዱ በውሳኔው ተስማምቷል ብዬ ልጻፍ አለቻት።

«እኔ አልተስማማሁም ብለሽ ጻፊ።»

«በሩ እኮ ክፍት ነው፣ ቪቤከ።»

«እስከ ሰኔ። ከሰኔ በኋላም ሐሙስ አለ።»

ቲልደ ተነፈሰች። ከዚያ ቪቤከ ባልጠበቀችው ሁኔታ ሳቅ አለችና፣ ወረቀቱን ከሁለት ሳምንት በፊት እልክልሻለሁ አለቻት። ቪቤከ እሱንም ጻፊው አለች።

ስልኩን ስትዘጋ ማልተ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላወቀችም። ጃኬቱን ለብሷል።

«የክፍሉን ነገር ነገርሻቸው?» አላት።

«ነገርኳቸው።»

«በበር ስር የምታዳምጪውን?»

«እሱንም።»

ልጁ ጥርሱን ነከሰ። ዓይኑ ውስጥ ያለው ንዴት ነው፤ ካየችው ብዙ ጊዜ ሆኗታል። በዚያ ዓመት ውስጥ ንዴት እንኳ አልነበረውም።

«ሁለተኛ ስለ እኔ እንዳታወሪ፣ እማ።»

ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

«አወራለሁ» አለች። «ስምህን አላነሳም፣ ክፍልህን አልናገርም። ከዚያ በር ሊያስወጡህ ከመጡ ግን አወራለሁ። ከፈለግህ ተቆጣኝ።»

«ተቆጥቻለሁ!»

«ደግ አደረግህ።»

ልጁ የራስ ቁሩን ከወንበሩ ላይ መንጭቆ አነሳና ቤቱ እስኪንቀጠቀጥ በሩን አላተመው። ቪቤከ ደንግጣ ቆመች። ከዚያ እግሩ ደረጃውን እየደበደበ ሲወርድ ሰማች፤ በሩን የዘጋው ከውጭ ነበር።