ከጥቁሩም የጠቆረው

ንዋይ ለንደን ውስጥ አውቶቡስ መንዳት ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። በቤተ ክርስቲያኑ ግን የሚታወቀው በሹፌርነቱ ሳይሆን በምላሱ ነበር። ሰርግ ሲደገስ ወጡ ለሰው ከመቅረቡ በፊት "እስቲ ንዋይ ይቅመሰው" ይባላል። እሱም ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሰውን ትንሽ ካስጠበቀ በኋላ "ምንም አይልም፤ ብቻ ትንሽ ይቀረዋል" ይላል። ዛሬ ራሱ ሲያወራው "ምን እንደሚቀረው አንድም ቀን አውቄ አላውቅም" እያለ ይስቃል። ያን ጊዜ ግን የሚያስቅ ነገር አልታየውም።

ጣጣው የመጣው እዚያው ለንደን፣ ኤድመንተን ሰፈር፣ ኃይለልዑል ቤት ነው። ኃይለልዑል የኅብረታቸው ሽማግሌና የንዋይ የልብ ወዳጅ ነው። ስዊዘርላንድ ያለችውን ልጁን ጠይቆ ሲመለስ ቸኮሌት ይዞ መጣና ለሰው ሁሉ አዞረ። ንዋይ የደረሰውን አፉ ውስጥ ጣል አድርጎ ሁለቴ አኝኮ ዋጠው።

"ኧረ ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ቆሎ አይደለም!" አለው ኃይለልዑል በሰው ፊት። "ምላስህ ላይ አስቀምጠህ ራሱ እስኪሟሟ ትጠብቀዋለህ።"

ሰው ሳቀ። ንዋይም አብሮ ሳቀ፤ ከጥርሱ ግን አላለፈም።

ወር ሳይሞላው የንዋይ ልጅ ሶልያና ለእረፍት ጃፓን ሄዳ ግማሽ ሻንጣ ቸኮሌት አምጥታ ገባች። ባለወተቱ በቀይ ወረቀት፣ ጥቁሩ በጥቁር ወረቀት፣ አንድ በአንድ የተጠቀለለ። ንዋይ ጌታ የፈረደለት መሰለው። የቅዳሜውን የቤት ኅብረት ካሌዶኒያን ሮድ ያለው ፍላቱ ውስጥ እንዲያደርጉት ለምኖ አስፈቀደ። ሳምንቱን ሙሉ በብሬክ ሰዓቱ ጥግ ይዞ ስለ ቸኮሌት ቪዲዮ ሲያይ ከረመ። ሲሰበር ቀጭ ማለት እንዳለበት፣ ከመቀመሱ በፊት እንደሚሸተት፣ ሁሉንም በቃሉ አጠና። ለመንጃ ፈቃዱ እንኳ እንዲህ አላጠናም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሶልያና ሥራ ላይ ነበረች። ስድስቱ እንግዶች ሳሎን ሆነው ሲዘምሩ ንዋይ ኪችን ገብቶ ባለወተቱንና ጥቁሩን በሁለት ሳህን አሰናዳ። ውሃ ሊያወጣ ፍሪጁን ሲከፍት ግን ከወተቱ ጀርባ ሌላ ነገር አየ። ምንም ጽሑፍ የሌለው የላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ በመስመር የተከፋፈለ፣ ወፍራም፣ ከጥቁሩም የጠቆረ ነገር ነው።

"ይህቺ ልጅ ዋናውን ለራሷ ደብቃዋለች!" አለ በልቡ።

ክዳኑን ገልጦ አሸተተው። ቅመም ቅመም ይላል። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ ምርጥ ጥቁር ቸኮሌት የቅመም ጠረን አለው ብሎ ስለነበር ንዋይ ደስታውን አልቻለውም። ሦስተኛ ሳህን አወጣ።

ቅምሻው በባለወተቱ ተጀመረ። ይለሰልሳል፤ ጥርስ ሳይነካው ይቀልጣል፤ ጣፋጭነቱም አይሰለችም። የኅብረቱ ታላቅ፣ እትዬ ኤልፍነሽ፣ "እሰይ!" ብለው ሁለተኛ አነሱ። ጥቁሩ መረር ይላል፤ ሲዋጥም ምላስ ላይ እንደ ሻይ ቅጠል ያለ ድርቀት ይተዋል። ለንዋይ የጣፈጠው ባለወተቱ ነበር። ግን አዋቂ የተባለ ሁሉ ጥቁሩን እንደሚመርጥ አጥንቷል።

"ባለወተቱ የልጅ ነው" አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። "ቸኮሌት የሚያውቅ ጥቁሩን ነው የሚወደው።"

"እንግዲያው እኔ ልጅ ነኝ" አሉ እትዬ ኤልፍነሽ፣ ሦስተኛውን ቀይ ወረቀት እየላጡ።

ከዚያ ሦስተኛው ሳህን መጣ። ለሁሉም አንዳንድ ጉርሻ የሚያህል ቁራጭ ደረሰ።

"እንዳታኝኩት!" አለ ንዋይ ኃይለልዑልን እያየ። "እስኪሟሟ ጠብቁ።"

ጠበቁ። መጀመሪያ ስብ ምላሳቸውን ለበጠው። ቀጥሎ ዱቄት፣ ከዱቄቱ ኋላ ጨው፣ ከጨው ኋላ የሚፋጅ ነገር። የንዋይ ዓይን እንባ አቀረረ። ከዚህ ወዲያ መመለስ እንዴት ይቻላል?

"መጀመሪያ... ዝም ይላል" አለ እንደምንም። "ቀጥሎ እሳቱ ይመጣል። ጥልቀት ማለት ይሄ ነው።"

"አዎ፣ ጥልቀት አለው" አለ ኃይለልዑል፣ ግንባሩ በላብ ተጠምቆ።

እትዬ ኤልፍነሽ አፋቸው ውስጥ ያለውን በሶፍት ተቀበሉት። "ንዋይ ልጄ፣ እኔ ስድሳ ዓመት ወጥ ሠርቻለሁ። ይሄ ቁሌት ነው።"

"እትዬ፣ እርስዎ ስላልለመዱት ነው እንጂ ጃፓኖች..."

በሩ ተከፈተና ሶልያና ገባች። ሳህኑን አየች፤ የሰዉን ፊት አየች።

"ዳዲ፣ የኔን ካሪ ለምን አወጣኸው?"

"የምን ካሪ?"

"የጃፓን ካሪ ነዋ! ወጥ ሲሠራ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ። ዌይት... እንዲሁ በጥሬው በላችሁት?"

እትዬ ኤልፍነሽ ሳቃቸውን ለቀቁት፤ ሌላውም ተከተለ። ንዋይ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። እሷም እንቢ ስላለችው ኪችን ገብቶ ወተቱን ከነካርቶኑ አንስቶ ጠጣ። ኃይለልዑል ተከትሎት ገባና አፉን ከቧንቧው ሥር ደቀነ።

"አፌ እንደገባ አውቄዋለሁ" አለ ቀና ሲል።

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"ባለፈው በሰው ፊት ያስተማርኩህ ሰውዬ፣ ዛሬ አላዋቂ ልባል? ደግሞ ስማኝ፣ ያ ትምህርት የኔ አልነበረም። ዙሪክ ላይ እኔም ስቆረጥመው ልጄ ናት የተቆጣችኝ።"

ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች ሲንኩን ተደግፈው እስኪያማቸው ሳቁ።

ንዋይ ሳሎን ሲመለስ አልተቀመጠም። "ወገኖች፣ ምስክርነት አለኝ" አለ። "የምወደው ባለወተቱን ነው። ጥቁሩ ይመረኛል። ካሪውን ደግሞ ስላፈርኩ ነው የዋጥኩት።"

"አሜን!" አሉ እትዬ ኤልፍነሽ ጮክ ብለው።

የተረፈውን ካሪ ሶልያና በድንችና በካሮት ሠርታው በሩዝ አቀረበችላቸው፤ ወጥ ሲሆን ግሩም ነበር። የባለወተቱ ሳህን ከምግቡ በፊት ባዶ ሆኗል። ጥቁሩን የሚነካው ጠፍቶ፣ ሰኞ ጠዋት ሶልያና ለሥራ ባልደረቦቿ ይዛላቸው ሄደች።