ረጅሙን ምረጥ

እህቴ ሞታ አባቴ እኔ ላይ ቀረ፣ ሦስት ወር ሊሞላው ነው፣ አሁን ደግሞ እሱም ሊሄድ ነው፣ ሐኪሙ ኮሪደር ላይ መስኮት መስኮቱን እያየ ነገረኝ፣ አንድ ሳምንት፣ ቢበዛ ሁለት፣ ቤቱ ቢሆን ይሻለዋል አለኝ፣ ቤቱ ማለት የእኔ ቤት ነው፣ ሁለት ክፍል፣ በአንዱ እሱ ተኝቷል፣ በሌላው እኔና ኮምፒውተሩ። መካከላችን ያለውን በር አልዘጋውም። ብዘጋውም ይጠራኛል፣ ባልዘጋውም ይጠራኛል።

ደረሰ ወይ? ትንሽ ይቀራል አባባ። ትንሽ ስትል ስንት ነው? ትንሽ ነው።

ገና አልጀመርኩም። ዲስኩን እየጠረግሁ ነው። ከመሀል ወደ ጠርዝ፣ ቀጥ አድርጎ፣ ዙሪያውን አይደለም፣ ዙሪያውን ከጠረግከው ጭረቱ ከመስመሩ ጋር አብሮ ይዞራል፣ ማሽኑም እዚያው ላይ ሲንተባተብ ይውላል፣ ይህን ያስተማረኝ ጋሽ ሌንስ ነው፣ ሰርግ በካሜራ የሚቀርጸው አለቃዬ፣ ሰው ሲያናግር እንኳ አንድ ዓይኑን ስለሚጨፍን ነው ስሙ የወጣለት፣ መሬት ይቅለለው። ሸሚዝ ነው ደህናው መጥረጊያ። የማርጀት ዕድል ያገኘ ሸሚዝ።

የፊልም ማጫወቻዋ የእህቴ ናት። መዳፍ የምታክል፣ ጥጓ የተሰነጠቀ፣ ሥራ ስትሄድ አውቶቡስ ላይ ፊልም ታይባት ነበር፣ አደጋ የደረሰባት ዕለት ፖሊሱ ከቦርሳዋ ጋር በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ፣ ስልኳ ደቅቋል፣ እሷም፣ ማጫወቻዋ ግን ቁልፏን ስጫን በራች፣ ግማሽ የታየ ፊልም ነበረባት፣ ልቀጥል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አጠፋኋት።

አሁን የአባቴ ሆናለች። የግራ ጎኑ አይታዘዝም፣ ቀና ማለት አይችልም፣ ቴሌቪዥን ቢከፈትለት የሚያየው ጣሪያ ነው፣ እና ማጫወቻዋን ፊቱ ላይ እይዝለታለሁ፣ ጢሙን ለሚላጭ ሰው መስታወት እንደሚያዝለት። ግን ዲቪዲ የት ይገባባታል፣ እሷ የምታውቀው ፋይል ነው፣ ያውም ትንሽ ፋይል፣ የሥዕሉ ወርድ ትንሽ ካለፈባት ታኮርፋለች፣ ድምፅ ብቻ ታሰማለች ወይ ሥዕል ብቻ ታሳያለች፣ ስለዚህ ዲስኩ መነበብ አለበት፣ መቀየር አለበት፣ መጥበብ አለበት። የእኔ ሥራ ይኸው ነው። ሰው የሰርጉን፣ የልጁን፣ የሟቹን ዲስክ ያመጣል፣ እኔ አሳንሼ እመልሳለሁ።

ትናንት የእህቴን የሰርግ ዲስክ ቀየርኩለት። አንድ ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ደቂቃ። ሁሉንም አየ። እጄ ዛለ፣ ወደ ሌላው አዛወርኩት፣ እሱም ዛለ። ሲያልቅ፣ ድምጿስ? አለኝ። የምን ድምፅ? የልጄ ነዋ። ዘፈን ተጭኖበታል አባባ፣ ሰርግ እንደዚያ ነው የሚሠራው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ? ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ጋሽ ሌንስ ይል የነበረውን አልነገርኩትም፣ ሙሽራ ካላማረች ዘፈን ጨምርባት፣ አማት ከተቆጣች ዘፈን ጨምርባት፣ መብራት ከጠፋ ዘፈን ብቻ አድርገው። ሙሽሪት አፏን ትከፍታለች፣ የሚወጣው ክራር ነው።

ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ለጣሪያው፣ ፊቷ አልጠፋኝም አለ፣ ድምጿ ነው የጠፋኝ፣ ስፈልገው ስፈልገው የለም፣ አባዬ ስትለኝ እንዴት ነበር የምትለው?

እንዴት እንደምትለው አውቃለሁ። በእኔ አፍ ምን አድርጌ ልበለው።

እሷ አንተ ትለው ነበር። እኔ እርስዎ እለዋለሁ፣ አባባ እለዋለሁ፣ አባባ ለመንገደኛ ሽማግሌም ይባላል። ከልጅነቴ አይደለም። ከዚህ ሰርግ ጀምሮ ነው።

ያው የሰርጉ ዲስክ እንደገና ገባ፣ ምናልባት ድምጿ ቢገኝበት። ይሽከረከራል። ይንኮሻኮሻል። አንብብ እንጂ።

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፣ እጁን ያዝኩት። አልመታሁትም። ያዝኩት ብቻ። እጁ ወደ እናቴ እየሄደ ነበር፣ አናጢ ነው፣ የአናጢ እጅ ምን እንደሚመስል የቀመሰ ያውቃል፣ አየር ላይ ያዝኩት፣ ለቀቅሁት፣ አልጮኸም፣ እጁን እያየ፣ እጄን የያዘ ልጅ እዚህ ቤት አያድርም አለ። አላደርኩም። የት እንዳደርኩ የእኔ ጉዳይ ነው። እናቴ በዓመቱ ሞተች፣ ስትቀበር ከአጥሩ ውጭ ነበርኩ፣ እህቴ ዞር ዞር እያለች ስትፈልገኝ አይቻለሁ። እጄን አላነሳሁላትም።

ከዚያ ጋሽ ሌንስ። ከዚያ ካሜራ። ሃያ አንድ ዓመቴ ላይ አንድ ቅዳሜ ወደ ሰርግ ሄድን፣ የማን እንደሆነ ጋሽ ሌንስ አያውቅም፣ እኔ አድራሻውን ሳነብ አውቄያለሁ፣ አሞኛል ማለት እችል ነበር፣ አላልኩም፣ ልያት ፈለግሁ። በሩ ላይ አባቴ ካሜራውን አየ፣ ቀጥሎ ከካሜራው ኋላ ያለውን አየ፣ ሰው ሞልቷል፣ ማባረር አይቻልም፣ አሳለፈን። እንኳን ደስ አለዎት አልኩት፣ ለማንኛውም የሙሽራ አባት እንደምለው። ያ እርስዎ እንደወጣ ቀረ።

ምሳ ሰዓት ጓሮ ተቀመጥሁ፣ ጄኔሬተሩ አጠገብ። እህቴ መጣች፣ የቬሎዋን ጫፍ በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በሌላው ሰሃን ይዛ፣ ሁለት ቁራጭ ሥጋ ከላይ። ብላ፣ አባዬ ነው የላከልህ። እሱ? እሱ ነዋ፣ ለዚያ ልጅ አድርሺለት አለኝ፣ ሂድና እንዳታመሰግነው ብቻ፣ ታውቀው የለ፣ ያፍራል። ሳቀች። በላሁ። አጥንቱን ጋጥኩት።

ሃያ ዓመት በዚያ ሰሃን ኖርኩ።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። እህቴን ቀብረን ስንመለስ አክስቴ ጥግ ይዛኝ፣ ምን አድርጎልህ ነው የምታነሳው አለችኝ፣ መጦሪያ ይግባ፣ ከመንገድ ላይ ያነሳህ እሱ ነው ወይስ ያ አንድ ዓይናው? ሰሃን ልኮልኛል ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ሞኝ ትለኛለች። ሄጄ አነሳሁት፣ ተሸከምኩት፣ አጥቤዋለሁ፣ አገላብጬዋለሁ፣ ያንን እጅ ጥፍሩን ቆርጬለታለሁ።

ተነበበ። ዝርዝሩ መጣ። ፕሮግራሙ በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ በቁጥር ይደረድራል፣ አንድ፣ ሁለት፣ ከጎናቸው ርዝመታቸውን፣ እና ደንቡ አንድ ነው፣ ረጅሙን ምረጥ፣ አጭሩ ኮተት ነው፣ ማስታወቂያ፣ ባዶ፣ የማውጫው ጌጥ። ረጅሙን ስመርጥ ስንት ዓመቴ። ትናንትም እሱን መርጬ ነው፣ ሌላውን ዓይኔ አላየውም። አንድ፣ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ሁለት። ሁለት፣ አራት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ።

አራት ደቂቃ ምንድን ነው?

ማውጫው ላይ አንድ ቁልፍ ብቻ ነው ያለው፣ ሰርግ ይላል፣ ይህኛው ከኋላ ነው፣ ቁልፍ የለውም፣ ማንም ሊያየው አይችልም። እጫነዋለሁ።

ጠረጴዛ። የጠርሙስ ጎን። የወንበር ጀርባ፣ ከላዩ የተጨማደደ ፊኛ። ሥዕሉ አይንቀሳቀስም። ገባኝ። ካሜራውን አላጠፋሁትም። ልበላ ስወጣ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፣ ቀይዋ መብራት ላይ ፕላስተር እንለጥፍባት ነበር፣ እየተቀረጸ መሆኑን ያየ እንግዳ ፊቱ እንጨት ይሆናል፣ እና መብራቷ ከተሸፈነች ቀራጩም ይረሳል፣ በሙያችን ነውር ነው፣ ጠርሙስ ቀርጾ መምጣት። ዘፈን የለበትም። ሰው ይንጫጫል። አንዱ ሰካራም ፊቱን ሌንሱ ላይ ደቅኖ፣ ይቺ ካሜራ ብቻዋን ነው እንዴ የምትጠጣው ይላል፣ ይስቃሉ፣ ይሄዳል። ከዚያ፣

አባዬ።

እሷ ናት። ከወንበሩ ጀርባ፣ አትታይም። አባዬ ስማኝ እንጂ። ምን ሆንሽ፣ እንግዳ ጥለሽ? ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ ነው የዋለው፣ ይግባና ጥግ ላይ ይቀመጥ፣ እንደ ሠራተኛ ይሁን፣ ማንም አያውቀውም። ማን? አባዬ፣ እባክህ። እኔ የማውቀው ካሜራ ይዞ የመጣ ሰው ነው፣ ካሜራ ያዥ ጓሮ ነው የሚበላው፣ ያውም ከተረፈ። በሰርጌ ቀን እንኳ? በሰርግሽ ቀን አታናግሪኝ፣ ወንድ ልጅ የለኝም፣ ለሰው ሁሉ የነገርኩት ይህንን ነው። ሰሃን ሲንቀሳቀስ ይሰማል። እንግዲያው የእኔን ድርሻ ነው የምወስድለት። የራስሽ ጉዳይ። ነጭ ነገር በሌንሱ ፊት ያልፋል፣ ቬሎዋ፣ ሥዕሉ ሁሉ ነጭ ይሆናል፣ ከዚያ ተመልሶ ጠርሙስ።

ጠርሙስ። ጠርሙስ። ጠርሙስ።

መጨረሻ ላይ አንድ እጅ ይመጣል፣ የወጣት እጅ፣ ጣቶቹ በቅባት ያብለጨልጫሉ፣ ቁልፉን ይጫናል። የእኔ እጅ ነው። ከእሷ ድርሻ በልቶ መምጣቱ ነው።

ጋሽ ሌንስ ይህን ሰምቷል። የቆረጠው፣ ያሳጠረውም እሱ ነው። አልጣለውም፣ አልነገረኝም፣ ከኋላ ቀበረው። ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ምሳዬን አብሬህ ካልበላሁ ይል ነበር፣ አርጅቶ ነው ብዬ ነበር።

ደረሰ ወይ? ከወዲያኛው ክፍል። ደረሰ ወይ አንተ?

እዚያ ነው የተኛው፣ አሥር እርምጃ። አልላከም። ሃያ ዓመት አልላከም። አክስቴ ልክ ናት። አሁን ብነሳ፣ ኮቴን ለብሼ ብወጣ፣ በሩን ብዘጋው። ውሃው ብርጭቆ ውስጥ ነው፣ አይደርስበትም። ማን ያውቃል። እኔ አውቃለሁ።

መሰረዝ እችላለሁ፣ ዲስኩን ሁለት ላይ ማጠፍ ነው፣ ቀጭ ይላል፣ ድምጿን የትም አላገኘሁትም እለዋለሁ፣ ሳይሰማት ይሄዳል፣ ይገባዋል። ወይም መቁረጥ እችላለሁ፣ ሥራዬ ነው፣ የእሱን አውጥቼ የእሷን ላስቀር። ሞከርኩ። አባዬ፣ ይቆይ። አባዬ ስማኝ እንጂ፣ ይቆይ። ቀጥሎ ቆሞ ነው የዋለው፣ እኔ ነኝ። ይግባና፣ እኔ ነኝ። ጥግ ላይ ይቀመጥ። የምወስድለት። አፏን በከፈተች ቁጥር እኔ አለሁ። እኔን ካወጣሁ ድምጿ አይተርፍም።

ሳልቆርጠው ቀየርኩት። ወርዱን አጠበብኩት፣ ድምፁን ከፍ አደረግሁት፣ ጀምር። አሥራ ሁለት ፐርሰንት። አርባ። ጭረቱ ላይ ደርሶ ቆመ፣ ስልሳ ሦስት፣ ስልሳ ሦስት፣ ስልሳ ሦስት፣ እንዲቀር እየፈለግሁ እንዲያልፍ እየለመንኩ። አለፈ። ወደ ማጫወቻዋ ገለበጥኩት። ተነሳሁ።

ምን አገኘህ? ድምጿን። አምጣው፣ አምጣው እንጂ። አባባ፣ ሌላም ነገር አለበት። ይኑርበታ።

ፊቱ ላይ ያዝኩለት። ሰካራሙ ሳቀ። አባዬ አለች። ደህነኛው ዓይኑ ተከፈተ፣ እንደዚያ ተከፍቶ አይቼው አላውቅም። ይሰማል። ከዚያ የራሱ ድምፅ መጣ፣ ያኔ ወፍራም ነበር፣ ካሜራ ያዥ ጓሮ ነው የሚበላው፣ ያውም ከተረፈ። ማጫወቻዋ በእጄ ላይ አትንቀሳቀስም። እኔ እሱን ነው የማየው። ወንድ ልጅ የለኝም። ነጩ አለፈ። ጠርሙሱን እስከ መጨረሻ አየው፣ እጁንም አየ።

እንደዚያ ብዬ ነበር? ብለዋል። ሰሃኑን አደረሰችልህ? አደረሰችልኝ። ምን ብላ?

መዋሸት ከእሷ መማር ነበረብኝ። አባዬ ነው የላከልህ ብላ፣ አልኩት።

ውሸታም፣ አለ፣ ስሟን እንደሚጠራ አድርጎ። ይቅርታ አላለኝም። አልጠበቅሁም፣ ጠብቄ ከነበረም አልፏል።

ድገመው።

እደግመዋለሁ። ማጫወቻዋ አሁን ትንቀጠቀጣለች፣ ቀኝ እጁን አንስቶ የእጄን አንጓ ያዘው፣ ሥዕሉ እንዲረጋለት ነው፣ ሌላ ትርጉም አልሰጠውም። አባዬ ትላለች። ድገመው። አባዬ ስማኝ እንጂ። ድገመው ይለኛል፣ እደግመዋለሁ፣ እናቴ የለችም፣ እሷ የለችም፣ ሰሃኑን የላከ ሰውም የለም፣ እሱና እኔ ቀርተናል።